ከመፋዛ ወጌሻ እስከ ቀዶ ሕክምና መምህርነት

አሜሪካ ውስጥ በአንድ የማስተማሪያ ሆስፒታል ጠቅላላ ቀዶ ሐኪም ነኝ። አንጀት፣ ሐሞት ከረጢት፣ የታነቀ ቡአ፣ በአደጋ የተጎዳ ሆድ ዕቃ የየዕለት ሥራዬ ናቸው። የቀረው ጊዜዬ ሬዚደንቶችን በማስተማርና በምርምር ያልፋል። የጨረስኩት ትምህርት ቤት የሰጠኝ ዲግሪ ግን ብዙ ሰው የሚያውቀው ኤም.ዲ አይደለም። ዲ.ኦ ይባላል፤ የኦስቲዮፓቲክ ሕክምና ዶክተር ማለት ነው። ያገሬ ሰው ይህን ስነግረው «እንግዲያ የአጥንት ሐኪም ነሻ!» ይለኛል። አይደለሁም። ቢሆንም ግምቱ ከእውነቱ ብዙ አይርቅም፤ የዚህ ሙያ አባት መጀመሪያ ራሱን ለሕዝብ ያስተዋወቀው በወጌሻነት ነበርና።

አንድሩ ቴይለር ስቲል ይባላል። እንደ ዘመኑ ልማድ ከአባቱ ሥር ሆኖ ሕክምና የተማረ፣ በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት የዘመተ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1864 የማጅራት ገትር ሦስት ልጆቹን ወሰደበት። በዚያን ጊዜ ሐኪም በእጁ የነበረው ደም ማፍሰስ፣ ሜርኩሪና አልኮል ነበር፤ አንዳቸውም ልጆቹን አላዳኑለትም። በ1874 የሚታወቀውን መድኃኒት ትቶ በሰውነት አቋም፣ በአጥንትና በጡንቻ፣ በደም ዝውውር ላይ የቆመ ሌላ ሕክምና እንደሚያስተምር አስታወቀ። በሚዙሪ ከተሞች እየዞረ «መብረቁ ወጌሻ» የሚል ማስታወቂያ ያስነግር ነበር። በ1892 ኪርክስቪል በምትባል ትንሽ ከተማ የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቹ መካከል ሴቶችም ነበሩ።

ይህን ታሪክ በአንደኛ ዓመት ክፍል ውስጥ ስሰማ አብረውኝ የተቀመጡት ተማሪዎች ፈገግ አሉ። እኔን አላሳቀኝም። ያደግሁት መፋዛ ነው።

መፋዛ በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ግዛት ናት። ከጣና በስተምዕራብ ካለው ደጋ የሚወርደው የእኛው ሽንፋ ወንዝ ድንበሩን ሲሻገር ራሃድ ተብሎ በዚያ አገር ያልፋል። በደርግ ዘመን ጦርነትና ድርቅ ያስወጣቸው ኢትዮጵያውያን በገዳሪፍ ዙሪያ በየሰፈራው ተበትነው ነበር፤ ኡም ራኩባ፣ ተዋዋ፣ አቡ ረኸም፣ ሐዋታ፣ መፋዛ። ወላጆቼም ከእነሱ ጋር ናቸው። አባቴ በትልልቆቹ የማሽላና የሰሊጥ እርሻዎች በአረምና በአጨዳ ይሠራ ነበር። ሱዳኖች ከሪፍ የሚሉት የዝናብ ወራት ሲገባ ጥቁሩ መሬት ይጨቀይና መኪና የሚባል አያሳልፍም። በዚያን ጊዜ የተሰበረ ሰው ገዳሪፍ ሆስፒታል ለመድረስ የትራክተር ባለቤት ደጅ መጥናት ነበረበት። ስለዚህ የተሰበረ ሁሉ የሚሄደው ወደ ወጌሻው ነበር።

ከጎንደር ቆላ የመጡ ሽማግሌ ነበሩ፤ ልጆቹ ሁሉ «አያ» ነበር የምንላቸው። ታላቅ ወንድሜ ከራሃድ ውኃ ሲያመጣ አህያ ጥሎት ክንዱ ተሰበረ። አያ ከሣር ዳሱ ጥላ ሥር አስቀመጡት፤ እጃቸውን በሰሊጥ ዘይት አራሱና ዓይናቸውን ጨፍነው ከክርኑ እስከ አንጓው ቀስ ብለው ዳሰሱት። ስብራቱ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። አባቴ ከላይ እንዲይዝ አዘዙና ሳቡት፤ ወንድሜ ሲጮህ መንደሩ ሁሉ ሰማው። ከዚያ የተሰነጠቀ ቀርከሃ በጨርቅ ጠቅልለው አሰሩት። እኔን ዛሬ የሚደንቀኝ ከዚህ በኋላ ያደረጉት ነው። በየምሽቱ እየመጡ የወንድሜን ጥፍር በአውራ ጣታቸው ይጫኑና ይለቁታል፤ ነጣ ያለው ጥፍር ቶሎ ካልቀላ ማሰሪያውን ያላላሉ። እናቴን «ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ወይ ደነዘዘኝ ካለ፣ ሌሊትም ቢሆን ጥሪኝ» አሏት።

ያ ጥፍር መጫን ዛሬ ሬዚደንቶቼን የማስተምረው ምርመራ ነው። ደም ወደ ጣቱ መድረስ አለመድረሱ የሚታወቅበት፣ መሣሪያ የማይፈልግ፣ ሁለት ሰከንድ የሚወስድ ነገር። አያ ከማን እንደተማሩት እንጃ። የማውቀው ለማንም ሳያስተምሩት መሞታቸውን ነው። በሌላ ሰፈራ የነበረ ሌላ ወጌሻ የአንድ ልጅ ክንድ አጥብቆ አስሮ ለቀናት ሳያየው ቀረ፤ ክንዱ ጠቆረ፣ ገዳሪፍ ሲደርስ ከመቁረጥ ሌላ ምርጫ አልነበረም። አጥብቆ በማሰር የሚመጣ የእጅና የእግር መበስበስ እስከ ዛሬ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ልጆችን አካል ጉዳተኛ የሚያደርግ ችግር ነው። ሁለቱ ወጌሾች ተገናኝተው ቢሆን ኖሮ ያ ልጅ ሁለት እጅ ይኖረው ነበር ብዬ አምናለሁ። የሚያገናኛቸው ቦታ ግን አልነበረም።

ኦስቲዮፓቲን የመረጥኩት በፍልስፍናው ተስቤ ነው ብል ውሸት ይሆናል። የተቀበለኝ እሱ ስለሆነ ነው የገባሁት። ትምህርቱ እንደማንኛውም የሕክምና ትምህርት ቤት አራት ዓመት ነው፤ አናቶሚው፣ ፋርማኮሎጂው፣ የሆስፒታል ልምምዱ አንድ ነው። በዚያ ላይ በእጅ መዳሰስና ማከም ወደ 200 ሰዓት ያህል ይጨመራል። አሜሪካ ውስጥ ዛሬ ሕክምና ከሚማሩት ከአራቱ አንዱ ገደማ በኦስቲዮፓቲክ ትምህርት ቤት ነው ያለው። እንደ ዛሬው ከመሆኑ በፊት ግን የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ሙያውን ለረጅም ዘመን የአምልኮ ቡድን ያህል ይቆጥረው ነበር፤ አባሎቹ ከዲ.ኦ ጋር በሥራ መገናኘታቸውን እንደ ነውር ያየው ነበር። በ1962 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሁለቱ ወገኖች ተስማሙና ዲ.ኦ የነበሩ ሁለት ሺህ የሚያህሉ ሐኪሞች 65 ዶላር ከፍለው፣ አጭር ስብሰባ ተቀምጠው ኤም.ዲ ሆኑ። ትናንት ብቃት የለውም የተባለ ሐኪም በ65 ዶላር ብቁ ከሆነ፣ ክልከላው ድሮም የብቃት ጉዳይ እንዳልነበረ ማንም ያየዋል። በ1966፣ በቬትናም ጦርነት ጊዜ፣ ሠራዊቱ ዲ.ኦዎችን በሐኪምነት ተቀበለ። ሚሲሲፒ ሙሉ ፈቃድ በመስጠት የመጨረሻዋ ክፍለ ግዛት ስትሆን ጊዜው 1973 ነበር። እስከ 2020 ድረስ ደግሞ የስፔሻሊቲ ሥልጠናው ሁለት የተለያየ መስመር ነበረው፤ በዚያ ዓመት ሁለቱ በአንድ የዕውቅና ሥርዓት ሥር ተጠቃለሉ።

በወረቀት ላይ ያለው እንዲህ ነው። ቀዶ ሕክምና ልግባ፣ በዚያም ላይ የማስተማርና የምርምሩን መንገድ ልያዝ ሲሉ የሚገጥመው ሌላ ነው። የሥልጠና ቦታ ሳፈላልግ በስልክ ያነጋገረችኝ አንዲት ጸሐፊ በትሕትና «እስካሁን ዲ.ኦ ወስደን አናውቅም» አለችኝ። አልዋሸችም፤ የነበረውን ነው የነገረችኝ። ያን ቀን ግን እናቴ በስልክ «ድምፅሽ ምን ሆነ?» ስትለኝ ጉንፋን ነው አልኳት።

ለረጅም ጊዜ ጉዳዩን የመናቅ ጉዳይ ብቻ አድርጌ አየሁት። ቀርቤ ስመለከተው ግን የበለጠ ተራ ምክንያትም አለው። ብዙዎቹ ኦስቲዮፓቲክ ትምህርት ቤቶች የራሳቸው የማስተማሪያ ሆስፒታል የላቸውም፤ ተማሪዎቻቸው በየአካባቢው ሆስፒታል ተበትነው ነው የሚለማመዱት። ጥሩ ኦፕራሲዮን ያያሉ፤ ከአጠገባቸው ግን ጥናት የሚያካሂድ፣ ስማቸውን በጽሑፍ ላይ የሚያስገባ፣ ለሌላ ፕሮፌሰር ደውሎ «ይህችን ልጅ እያት» የሚል ሰው የለም። የራሳቸው የፈቃድ ፈተና አላቸው፤ ቀዶ ሕክምና የሚፈልጉት ግን ኤም.ዲዎቹ የሚፈተኑትንም ደርበው ይፈተናሉ። ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ የዚያ ፈተና አንደኛ ደረጃ ነጥቡ ቀርቶ ማለፍና መውደቅ ብቻ ሲሆን፣ ከማይታወቅ ትምህርት ቤት የመጣ ተማሪ ራሱን ከሚያሳይባቸው መንገዶች አንዱ ጠበበ። የቀረው መንገድ ለአንድ ወር ያህል ወደ ሌላ ሆስፒታል ሄዶ መሥራት፣ ንጋት ሳይቀድም መገኘት፣ ከቀዶ ሐኪሞች ጋር ምርምር መሥራት፣ የሚያውቅ ሰው የሚጽፈው ደብዳቤ ነው። እኔ የገባሁት በዚህ ነው። አንዲት ቀዶ ሐኪም የጥናት ሥራዋን አካፍላኝ ስሜን ከስሟ ቀጥሎ አሰፈረችው፤ ደብዳቤዬንም የጻፈችው እሷ ናት።

ከገባሁ በኋላ ያሰብኩት ሁሉ ስለ ክብር ነበር። አንድ ቀን ማንም ዲግሪዬን የማይጠይቅበት ቦታ እደርሳለሁ፤ አካዳሚክ ቀዶ ሕክምና ማለት ለእኔ ያ ነበር። ሐሳቤን የለወጠው በሥልጠናዬ የመጀመሪያ ዓመት የተቀመጥኩበት አንድ ስብሰባ ነው።

በማስተማሪያ ሆስፒታሎች «ኤም ኤንድ ኤም» የሚባል ቋሚ ስብሰባ አለ። የሞቱና የተወሳሰበ ችግር የገጠማቸው ታካሚዎች በስም ሳይሆን በታሪካቸው ይነሣሉ፤ የሠራቸው ሐኪም ቆሞ ያስረዳል፣ ሌሎቹ ይጠይቃሉ። በዚያ ጠዋት የቆሙት ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩ፣ እጃቸውን ሁላችንም የምንመኘው አንጋፋ ቀዶ ሐኪም ነበሩ። ቆርጠው የገጠሙት አንጀት ተከፍቶ ታካሚው ለሁለተኛ ኦፕራሲዮን ተመልሷል። «ጫፉ ትንሽ ጠቆር ብሎ ነበር» አሉ። «አይቼዋለሁ። ይመለሳል ብዬ ሰፋሁት። ወደ ውጭ ማውጣት ነበረብኝ።» አንዲት ገና ኢንተርን የሆነች ልጅ እጇን አወጣችና የደም ዝውውሩን በምን እንዳረጋገጡ ጠየቀቻቸው። አልተቆጡም። ምን እንዳዩ፣ ምን ሳይመረምሩ እንደቀሩ አንድ በአንድ ነገሯት፤ ከዚያ ቀን ወዲያ የሆስፒታሉ አሠራር ተለወጠ።

ወንበሬ ላይ ሆኜ አያን አሰብኩ። የጠቆረ አንጀት፣ የነጣ ጥፍር፤ ጥያቄው ያው ነው፣ ደም ደርሷል ወይ? ሽማግሌው መልሱን ያውቁ ነበር። ያጡት ይህን ክፍል ነው። የሚያውቁትን የሚናገሩበት፣ ያ ሌላው ወጌሻ ደግሞ ቆሞ የሚጠየቅበት፣ ዳር የተቀመጠ ወጣት ሰምቶ የሚሄድበት ክፍል። የስቲል ተከታዮችም ከወጌሻነት ተነሥተው ወደ ቀዶ ክፍል የደረሱት ዓለም በአንድ ቀን ስላከበራቸው አይደለም። አናቶሚውን ተማሩ፣ ያልሠራውን የአባታቸውን ሐሳብ ጣሉ፣ የሠራውን ያዙ፣ ለፈተና ቀረቡ፣ ስህተታቸውን በሌሎች ፊት አስቆጠሩ። ክብሩ ቢመጣም ኋላ ነው የመጣው፤ ለታካሚው የሚጠቅመው ግን መማሩና መጠየቁ ነው።

ይህን ከተረዳሁ በኋላ ነው ወደ አገሬ መለስ ብዬ ማየት የጀመርኩት። የእኛም አገር በዋናው በር ያልገቡ የቀዶ ሕክምና እጆች አሏት። ጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት ሐኪም ለማይደርስበት ገጠር ጤና መኮንኖችን ማሠልጠን ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ጤና መኮንኖችን በማስተርስ ደረጃ አሠልጥኖ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የማዋለድ ሥራ የሚያሠራው ፕሮግራም ተጀመረ። ዛሬ በቆላው ሆስፒታሎች ሌሊት በኦፕራሲዮን የሚያዋልዱት፣ የተተረተረ ማኅፀን የሚሰፉት፣ የፈነዳ ትርፍ አንጀት የሚያወጡት አብዛኛውን ጊዜ እነሱ ናቸው።

መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ ለማስተማር ጎንደር ስሄድ ከእነዚህ አንዷን አገኘኋት። በመተማ መስመር ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ ነው የምትሠራው፤ የሠራቻትን ታካሚ ለተጨማሪ ሕክምና በአምቡላንስ ይዛ መጥታ ነበር። ቡና ስንጠጣ ከቦርሳዋ አንድ ደብተር አወጣች። ባለ መስመር፣ ልጆች ለትምህርት ቤት የሚይዙት ዓይነት፣ ጠርዙ የተበላ ደብተር። በማስመሪያ አምዶች ሠርታበታለች፤ ቀን፣ ዕድሜ፣ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደተገኘ፣ ምን እንደተሠራ፣ በሰባተኛው ቀን ቁስሉ ምን ይመስል እንደነበር። አንዱን ገጽ ስትገልጥ በተደጋጋሚ «ጣፊያ» የሚል ጽሑፍ አየሁ። ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ ወርደው በመተማ፣ በሑመራና በገዳሪፍ እርሻ የሚከርሙ የቀን ሠራተኞችን ወባና ካላዛር ያጠቃቸዋል፤ ጣፊያቸው ያብጣል። ያበጠ ጣፊያ ደግሞ በትንሽ ምት፣ ከትራክተር ላይ በመውደቅ፣ በዱላ ጠብ ይፈነዳል። እሷ የትኛው ልጅ ደም እስኪገኝ እንደሚጠብቅ፣ የትኛው እንደማይጠብቅ ከልምድ ለይታዋለች፤ ምልክቶቹንም ኅዳጉ ላይ በእስክሪፕቶ ጽፋቸዋለች።

«ይህን ማን አይቶታል?» አልኳት።

«ማንም አላየውም፣ ዶክተር። ለራሴ ነው የያዝኩት» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ «ጥናት ልሥራበት ብልስ የት አደርሰዋለሁ? ከዚህ በላይ ለእኛ ጥርት ብሎ የተቀመጠ መንገድ የለም» አለች።

ያ ጥያቄ የእኔ ነበር፤ እኔ ግን ስሜን ከስሟ ቀጥሎ የምታሰፍር ሰው አግኝቻለሁ። እሷ አላገኘችም።

እነዚህ ባለሙያዎች ለታካሚ አደጋ ይሆናሉ የሚል ሰው አለ። መልሱን ቁጥር ይስጠው። እ.ኤ.አ. በ2011 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ፣ ስድስት ጥናቶችና ከ16 ሺህ በላይ የኦፕራሲዮን ወሊዶች የተሰበሰቡበት ትንተና ሐኪም ባልሆኑ ባለሙያዎችና በሐኪሞች መካከል በእናቶችም ሆነ በሚወለዱ ሕፃናት ሞት ጉልህ ልዩነት አላገኘም። የቁስል መመርቀዝና መከፈት ግን በመጀመሪያዎቹ ዘንድ በዝቶ አግኝቷል። ሁለቱንም ግማሽ መቀበል አለብን። የመጀመሪያው እምነት እንድንጥልባቸው ይነግረናል፤ ሁለተኛው ከትምህርት ክፍሉ ውጭ ልንተዋቸው እንደማይገባ ይነግረናል። የቁስል መመርቀዝ በክትትልና በማስተማር የሚቀንስ ነገር ነው። የእሷ ደብተር ስለ ሰባተኛው ቀን አምድ አለው እኮ!

ደግሞ ይህ በእኛ አገር የማይታሰብ ነገር አይደለም። ማሚቱ ጋሼ ከገጠር በፊስቱላ ታማ አዲስ አበባ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ስትመጣ ማንበብና መጻፍ የማትችል ልጅ ነበረች። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን አከሟት፤ እሷም እዚያው ቀርታ አልጋ ከማንጠፍ ጀምራ፣ መሣሪያ እያቀበለች፣ እያየች፣ ኋላም ራሷ እየሠራች የፊስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1989 የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ከሐምሊኖቹ ጋር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለማት። ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ስፔሻሊስት ሐኪሞች ከእሷ እጅ ተምረዋል። አካዳሚክ ቀዶ ሕክምና ማለት ይህ ካልሆነ ምን እንደሆነ አላውቅም። ማሚቱ እዚያ የደረሰችው በተሰጥኦዋ ብቻ አይደለም፤ ከኦፕራሲዮን ጠረጴዛው አጠገብ ቦታ የሰጧት ሁለት ሰዎች ስለነበሩ ነው። ዕድል ሆኖ አጋጠማት። ለአንድ ሰው በዕድል የሆነውን ለብዙ ሰው በሥርዓት ማድረግ የዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው።

በ2023 የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ እኛን ያስጠለለው አገር ሕዝብ በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ፈለሰ፤ የመፋዛ ዙሪያም በተፈናቃይ ሞላ። በዚያ ድንበር በሁለቱም በኩል የሚቆስለው ሰው ብዙ ነው፤ ስፔሻሊስት ቀዶ ሐኪም እስኪበቃው መጠበቅ አይችልም።

ስለዚህ በአገራችን የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ቀዶ ሕክምና ለምታስተምሩ ባልደረቦቼ የምለምነው ይህን ነው። ሪፈር ይዘው የሚመጡትን የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ከበር አትመልሷቸው፤ የጠዋቱ ስብሰባ ላይ አስቀምጧቸው፣ ጠይቋቸው፣ ይጠይቋችሁ። ከቆላ የሚመጣ ጥናት ስትሠሩ መረጃውን የሰበሰበውን ሰው ስም ከምስጋናው ገጽ አውጥታችሁ ከጸሐፊዎቹ ጋር አስፍሩት። ወደ ስፔሻሊቲና ወደ መምህርነት የሚወስድ፣ ፈተናው ከባድ፣ መግቢያው ግን ግልጽ የሆነ መንገድ እንዲቀረጽላቸው በየሴኔታችሁ ተከራከሩ። እኔ የዚያችን የመተማ መስመር ባለሙያ ደብተር ገጽ በገጽ በስልኬ አንሥቼዋለሁ፤ አብረን እየጻፍነው ነው። የመጀመሪያው ስም የእሷ ነው።